ድሬዳዋ ላይ በአራቱም ለምትጎትት ፈጣን መኪና ጎማ አመራረጥ፦ ከልኬት እስከ መጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር

ይህ መመሪያ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ፣ ሌጋሲ ጂቲ፣ ኦዲ ኳትሮ ወይም እነሱን የመሰለ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ጉልበተኛ መኪና ይዞ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ለሚመላለስ ሰው ነው። ፊትና ኋላ ሞተር ያላት የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም አብዛኛው ይመለከታችኋል። ለእናንተ የሚለየውን በቦታው እናገራለሁ።

ሰው የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው። አንዱ ሁለት ጎማ ብቻ ገዝቶ ከፊት ያስርና ከወራት በኋላ «ዲፈረንሻሉ ይጮኻል» ብሎ ይመጣል፤ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ ነው። ሌላው የበረዶ ጎማ አስሮ በሰኔ ፀሐይ የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ሦስተኛው ለዓመታት መጋዘን የተኛ ጎማ «አዲስ ነው» ተብሎ ይሸጥለታል። ሦስቱንም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማስቀረት ይቻላል።

ከቤት ሳትወጡ የሚያዝ

- የራሳችሁ የንፋስ መለኪያ። ጎሚስታው ጋ ያለው ስንት ጊዜ መሬት ላይ እንደወደቀ አይታወቅም።
- የጥርስ ጥልቀት መለኪያ። ከሌለ የካሊፐር ጭራ ይሠራል።
- የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ጠመኔ፣ የስልክ መብራት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ሥራውን ጠዋት ጀምሩ። ከሰዓት ድሬ በርጫ ላይ ናት፤ ተጣድፎ የታሰረ ጎማ ደግሞ ተመልሶ ያስመጣችኋል።

ደረጃ 1፦ መኪናዋ የምትፈልገውን ጻፉ

የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። አሁን የታሰረው ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፤ የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን አስሮ ሊሆን ይችላል። ከጃፓን በቀጥታ የመጣች ከሆነች ወረቀቱ በጃፓንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። የንፋሱ መጠን በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 220 ማለት 32 ፒኤስአይ፣ 230 ማለት 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

ለምሳሌ 205/55 አር 16 91 ቪ የሚል ብታገኙ፦

- 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር።
- 55 የጎኑ ቁመት፣ ከስፋቱ በመቶኛ። እዚህ ወደ 113 ሚሊ ሜትር ይመጣል።
- 16 የቸርኬው መጠን በኢንች።
- 91 አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ኮድ ነው፤ 615 ኪሎ ማለት ነው። 94 ከሆነ 670 ኪሎ።
- ቪ የፍጥነት ፊደል ነው፤ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ኤች 210፣ ቲ 190፣ ደብሊው 270 ነው።

«እኔ በ240 አልነዳም፣ ለምን እጨነቃለሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የፍጥነት ፊደሉ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችል የሚናገር ፊደል ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ አየሩ ራሱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ከወረቀቱ ፊደል አትውረዱ፤ መውጣት ትችላላችሁ። በክብደት ኮዱም እንዲሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፦ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎኑ ላይ ኤክስኤል የሚል ምልክት ያለውን፣ ማለትም ከፍ ያለ ጭነት የሚችለውን ጎማ ፋብሪካው ካዘዘ ሌላ አትቀበሉ። ሻጩ «ልኬቱ አንድ ነው» ይላችኋል። ልኬቱ አንድ ነው፣ የሚሸከመው ግን አንድ አይደለም።

ልኬቱ ካልተገኘ

የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከዋናው ብዙ እንዳይርቅ አስሉ፦ ስፋት ሲባዛ በመቶኛው፣ ሲባዛ በ2፣ ከዚያ ቸርኬው በ25.4 ተባዝቶ ይደመራል። 205/55 አር 16 ቁመቱ 632 ሚሊ ሜትር ነው። 225/45 አር 17 ደግሞ 634 ይሆናል፤ ስለዚህ ቸርኬ ከቀየራችሁ ይስማማል። 225/50 አር 17 ግን 657 ይመጣል፤ ይህ ወደ 4 በመቶ ልዩነት ስለሆነ ተዉት። ፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ ጎማውም መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል።

እኔን ብትጠይቁኝ እዚህ አገር ጎኑ 50 ወይም 55 የሆነ ጎማ ከ40 ይሻላል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬውና አስፋልቱ መሐል ተቀርቅሮ የጎኑ ክር ይበጠሳል። በማግሥቱ ጎኑ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ታያላችሁ። ከ17 ወደ 16 ቸርኬ መውረድ ብልህነት ነው፣ አንድ ነገር ካልከለከለ፦ ትልቅ የብሬምቦ ፍሬን ያላት ሱባሩ ኤስቲአይ ላይ 16 ቸርኬ አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት ባዶውን ቸርኬ አስራችሁ በእጅ አሽከርክሩት።

ደረጃ 2፦ አራት ነው ወይስ ከዚያ ያነሰ? ለኩና ወስኑ

አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚበላውም ይኸው ነው።

በፊት ጎማ ብቻ በምትጎትት ቪትዝ ላይ ሁለት አዲስ ጎማ ማሰር ይቻላል። በአራቱም በምትጎትተው የነዳጅ መኪና ላይ ግን ፊትና ኋላ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያነሰ ስለሆነ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ልዩነቱን የሚውጠው መሐል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ወይም ክላች ነው፤ ሲውጥ ደግሞ ይግላል።

በቁጥር እንየው። አዲስ ጎማ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ አለው። ኋላ ያለው 4 ሚሊ ቀርቶታል እንበል። በ205/55 አር 16 ላይ የዙሪያው ልዩነት 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኋላው ጎማ በየኪሎ ሜትሩ ከ6 ዙር በላይ ጨምሮ ይሽከረከራል ማለት ነው። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ ስትወጡ ብቻ ከ300 በላይ ትርፍ ዙር። ሱባሩ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በጥርስ ሲታሰብ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ።

አለካኩ፦

1. አራቱንም ጎማ እኩል ንፋስ ሙሉ። መኪናዋ ቀዝቅዛ ትደር።
2. አንዱን ጎማ በክሪክ አንሱ። ሜዳ ላይ ይሁን፣ ሌላኛው ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ።
3. የልብስ ሰፊውን ሜትር በጥርሱ መሐል ዙሪያውን ጠምጥሙ። ሜትሩ እንዳይጣመም ሁለት ቦታ ላይ በጣት ያዙ።
4. ቁጥሩን ጻፉ። ለአራቱም ድገሙ።
5. የጥርሱን ጥልቀት በእያንዳንዱ ጎማ ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከውስጥ፣ ከመሐል፣ ከውጭ።

ከዚያ ወስኑ፦

- የአራቱም ልዩነት ከአንድ ሚሊ ጥርስ ካላለፈና አንዱ ብቻ ከተቀደደ፣ ያንኑ ስምና ያንኑ ሞዴል፣ ጥርሱ ከሦስቱ ጋር የሚቀራረብ ያገለገለ ጎማ ፈልጉ። አዲስ አንድ ጎማ አትግዙ።
- እንዲህ ያለ ካልተገኘ አራቱንም ቀይሩ። ከተረፉት ሁለቱን ደህናዎች ሽጧቸው፤ የፊት ጎታች ያለው ሰው ይወስዳቸዋል።
- ውስጡ አልቆ ውጩ ደህና ከሆነ፣ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አላይመንት (የጎማዎቹን አቋምና አቅጣጫ)፣ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ) እና ጎሚኒ (የእግሩን የላስቲክ ቡሽ) አሳዩ። ሳታሳዩ ካሰራችሁ አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል።

«ለጊዜው ሁለት ልሰር፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ወር» የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ወሩ ይረዝማል። ገንዘቡ እስኪሞላ አራቱንም አሮጌ ይዞ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል፣ ጥርሳቸው ከ3 ሚሊ ካልወረደ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

ኦል ሲዝን ፐርፎርማንስ የሚባለው ጎማ የተሠራው በጋው ሞቃት፣ ክረምቱ ቀዝቃዛ ለሆነበት አገር አሽከርካሪ ነው፦ መያዝ የሚችል፣ በቅዝቃዜ የማይደርቅ፣ ትንሽ በረዶ የሚችል። ተራው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ይደርቃል። ድሬ ላይ ያ ቅዝቃዜ የለም። እንግዲያውስ ለምን ኦል ሲዝን? ሦስት ምክንያት አለኝ። ጥርሱ ቶሎ አያልቅም። ለውኃ መውጫ የተቆረጠለት ቦይ ብዙ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠር ሲነካም እንደ ንጹሕ የበጋ ጎማ አይላጥም።

ፈጣን መንዳት ብቻ የምትፈልጉ፣ ቶሎ ማለቁም የማያሳስባችሁ ከሆነ ግን ትኩስ የበጋ ጎማ ካገኛችሁ ውሰዱ፤ በእኛ ሙቀት አያያዙ ይበልጣል። ለዕለት ተዕለት፣ ለሐረርና ለአዲስ አበባ መንገድ ግን ኦል ሲዝን ፐርፎርማንሱን እመርጣለሁ።

የበረዶ ጎማን ለዩ

ይህን በጣም ተጠንቀቁ። ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ብዙ ጊዜ ስተድለስ የሚባል የበረዶ ጎማ ታስሮባቸው ይመጡ ነበር፤ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥበትም ቦታ ሞልቷል። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ አዲስ ይመስላል። ጎማው ግን ለስላሳ ነው፤ በሙቀት ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ኩርባ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፍሬን ስትይዙ መቆሚያው ርቀት ይረዝማል።

መለያው፦

- ስተድለስ የሚል ጽሑፍ ጎኑ ላይ።
- የፍጥነት ፊደሉ ኪው፣ ማለትም 160 ብቻ። በዚህ ልኬት ኪው ካያችሁ አትጠይቁ፣ ተዉት።
- ጥርሱ ላይ እንደ ማዕበል የሚዞሩ፣ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች።
- በጥፍር ሲጫን የሚሰምጥ ጎማ።

ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ ጥሩ ኦል ሲዝን ጎማዎችም አላቸው። ከላይ ካሉት ጋር አብሮ ሲመጣ ነው ችግሩ።

ጎኑ ላይ ያለውን ውጤት አንብቡ

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍበታል፦ ትሬድዌር በቁጥር፣ ትራክሽን በፊደል፣ ቴምፕሬቸር በፊደል። ለእናንተ የሚበጀው፦

- ትሬድዌር ከ400 እስከ 560። ከ300 በታች ከሆነ ይይዛል ግን ያልቃል፤ ከ600 በላይ ከሆነ ብዙ ይሄዳል ግን ለፈጣን መኪና ደረቅ ነው። ቁጥሩን አምራቹ ራሱ ስለሚሰጠው ከአንድ ፋብሪካ ጎማዎች ጋር አወዳድሩት እንጂ በፋብሪካዎች መሐል ብዙ አትመኑት።
- ትራክሽን ኤኤ ወይም ኤ። ይህ በእርጥብ መንገድ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ያለውን ብቻ ነው የሚለካው፤ ኩርባን አይናገርም።
- ቴምፕሬቸር ኤ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቢ ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ይቅርታ ሊደረግለት ይችላል፤ እዚህ አይደረግለትም።

ጽሑፉ ጭራሽ ከሌለ ወይ ለሌላ ገበያ የተሠራ ነው፣ ወይ የበረዶ ጎማ ነው። ለበረዶ ጎማ ይህ ውጤት አይሰጥም። በድጋሚ የፍጥነት ፊደሉን እዩ።

የትኛውን ስም?

በዚህ መደብ የታወቁት ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4፣ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲደብሊውኤስ 06 ፕላስ፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ980ኤኤስ ፕላስ እና ፒሬሊ ፒ ዜሮ ኤኤስ ፕላስ 3 ናቸው። ኮንቲኔንታሉ አንድ የምወድለት ነገር አለው። ጥርሱ ላይ ዲ፣ ደብሊውና ኤስ የሚሉ ፊደላት ተቆርጠውበታል፤ ጥርሱ ሲያልቅ መጀመሪያ ኤስ ይጠፋል፣ በረዶ አይችልም ማለት ነው። እኛን አይመለከተንም። ደብሊው ሲጠፋ ግን ዝናብ አይችልም ማለት ነውና ያኔ ገበያ ውጡ።

እነዚህን ድሬ ላይ ልታጡ ትችላላችሁ። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ደረጃ 4ን በስልክ ፎቶ አስደርጉት። ካልሆነ ስም ሳትመርጡ ልኬቱ፣ የፍጥነት ፊደሉ፣ ቴምፕሬቸር ኤው እና ትኩስነቱ የተሟላ ጎማ ውሰዱ። ዘንድሮ የተሠራ መካከለኛ ጎማ፣ ፀሐይ ላይ ስድስት ዓመት ከከረመ ውድ ጎማ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ሱቁ ውስጥ

ቀኑን አንብቡ

ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የሚመጣውን ረጅም ኮድ መጨረሻ፣ አራቱን አኃዝ ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያሳያሉ። በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ካጣችሁት ጎማውን ገልብጡት።

ወጥመዱ እዚህ ነው፦ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። 3517 የሚል ብታዩ «የ2017 ነው፣ ገና ትኩስ» እንዳትሉ። በፈረንጅ 2017፣ 35ኛው ሳምንት፣ በእኛ የ2009 ነሐሴ መጨረሻ ነው። ስምንት ዓመት ተሸወዳችሁ። ሻጩም ብዙ ጊዜ ይህን አውቆ ሳይሆን ራሱም ተሸውዶ ነው የሚሸጠው፤ በትሕትና አስረዱት።

የእኔ ወሰን፦ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ አዲስ ጎማ በሙሉ ዋጋ አልገዛም፤ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን በነጻም አላስርም። ሙቀት ጎማን ያስረጃል፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን።

ከዚያ በቅደም ተከተል

1. አራቱም አንድ ስም፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ልኬት፣ አንድ ፊደል መሆናቸውን አረጋግጡ። ሦስቱ ቪ አንዱ ኤች ከሆነ መልሱ።
2. የአራቱም ቀን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሁን።
3. በጥርሱ ግርጌና በጎኑ ላይ በመብራት ጥቃቅን ስንጥቅ ፈልጉ። ጎማውን በጉልበት ጠምዘዝ ስታደርጉት ስንጥቁ ይከፈታል።
4. የውስጡን ጠርዝ፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን፣ በጣት ዙሩት። የተጨራመተ ወይም ሽቦ የወጣበትን አትውሰዱ። በመርከብ ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ጎማ አጣጥፈው በሌላው ሆድ ውስጥ የሚጠቀጥቁ አሉ፤ እንዲህ የመጣ ጎማ ጠርዙና የጎኑ ሽቦ ተጎድቶ ነው የሚደርሰው።
5. ደጅ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው ክምር ሳይሆን ከውስጥ አምጡልን በሉ።
6. ደረሰኝ ላይ ልኬቱንና የአራቱንም ቀን አስጽፉ።

በጥቁር ቀለም የተቀባና የሚያብረቀርቅ «አዲስ» ካያችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ከጠቆረ ስንጥቅ የተሸፈነበት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማሰር

ጎሚስታውን ሥራ ሳይጀምር አነጋግሩት። «ወንድሜ፣ በማሽን ነው የምታወጣው ወይስ በብረት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአሉሚኒየም ቸርኬና ለአጭር ጎን ጎማ በብረት መፈልቀቅ አይሆንም፤ ጠርዙ ይቀደዳል። ማሽን ከሌለው አመስግናችሁ ሂዱ።

1. የድሮው ጎማ ሲወጣ ቸርኬውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አሽከርክረው ያሳዩአችሁ። የተጣመመ ቸርኬ ላይ ምንም ጎማ አይስተካከልም።
2. ጠርዙ የሚያርፍበትን የቸርኬ ከንፈር ዝገትና አሮጌ ጎማ ያጽዱ።
3. ቫልቮላውን በአዲስ አስቀይሩ። ርካሽ ነው፤ በሙቀት የደረቀ ቫልቮላ ግን ደንገጎ አጋማሽ ላይ ይተነፍሳል።
4. ሳሙና ውኃ ብቻ ይቀባ። ናፍጣ፣ ግሪስ ወይም ዘይት ጎማውን ይበላዋል። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት የሚያስቀምጥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሰው ይጎዳል።
5. ካላማዳሪያ እንዳያስገቡ። «ቱብለሱ አስቸገረ፣ ካላማዳሪያ ልጨምርልህ» ይላሉ። በእንዲህ ያለ ጎማ ውስጥ ሁለቱ ሲፋተጉ ይግላሉ፤ ሲፈነዳም ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ነው።
6. አቅጣጫ፦ ጎኑ ላይ ሮቴሽን የሚል ቀስት ካለ ቀስቱ ወደፊት ይሽከርከር። አውትሳይድ የሚል ከሆነ ያ ጎን ወደ ውጭ ይታይ። መኪናዋ ከክሪክ ሳትወርድ አራቱንም በዓይናችሁ እዩ።
7. ባላንስ ይሠራ። ማሽኑ ዜሮ እስኪያሳይ ቁሙ።
8. ብሎኖቹን በእጅ ጀምራችሁ፣ በኮከብ ቅርጽ ተራ በተራ አጥብቁ፣ መጨረሻውን በቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው። ለድሮዎቹ ሱባሩዎች 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ለአዲሶቹና ለሌላው የመኪናውን መጽሐፍ እዩ። በአየር መፍቻ የተደበደበ ብሎን ፍሬን ዲስኩን ያጣምማል፤ በኋላ መንገድ ላይም አይፈታም።

ናይትሮጅን እንሙላ ቢሏችሁ፦ ተራው አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ገንዘባችሁን ለአላይመንት አቆዩት።

ደረጃ 6፦ ንፋስ፣ በድሬ ሙቀትና በሐረር ከፍታ

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ፀሐይ ሳይነካት ነው። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከንጋት እስከ ቀትር ቆማ እንኳ በ2 ወይም 3 ፒኤስአይ ትለያለች። አንድ ጎኗ ፀሐይ ላይ ከቆመ የዚያ ጎን ጎማ ትርፍ ያሳያል።

መንገድ ሄዳ የጋለች ጎማ ከወረቀቱ በ4 ወይም 5 ፒኤስአይ ብትበልጥ ምንም አይደለም፤ ፋብሪካው አስቦበታል። «በሙቀት እንዳይፈነዳ» ብላችሁ አታስተንፍሱ። በሙቀት የሚፈነዳው ንፋሱ ያነሰ ጎማ ነው፤ ጎኑ እየታጠፈ ራሱን ያግላል።

ስለ ከፍታም ብዙ ክርክር እሰማለሁ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። ስትወጡ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፤ ሐረር ግን ስለምትቀዘቅዝ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ይቻቻላሉ። ስለዚህ አቦ፣ ሐረር ስትደርሱ ሸዋ በር ጋ ቆማችሁ አትነካኩት። ማስተካከል ያለበት መኪናዋን ወር ሙሉ ሐረር የሚያቆይ ሰው ነው፤ እሱም በሐረር ጠዋት ይለካ።

ቤተሰብና ጭነት ይዛችሁ ቁልቢ ወይም አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፤ በተለይ ለኋላ። እሱን ሙሉ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር

- እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ኩርባና ፍሬን ላይ አትፈትኗት። አዲስ ጎማ ላይ ከፋብሪካ የቀረ የሚያንሸራትት ነገር አለ።
- ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ደግማችሁ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ። አይዘለል።
- በመጀመሪያው ሳምንት አላይመንት አሠሩ፣ አራቱም ጎማ ይለካ፤ የፊት ብቻ የሚሠራ ለዚህ መኪና አይበቃም። የተለካውን ወረቀት ተቀበሉ።
- ደንገጎን ከወጣችሁ በኋላ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጎን አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከጋለ ወይ ንፋሱ ጎድሏል፣ ወይ የፍሬን ሸራው ይዞታል።
- ስትወርዱ በማርሽ ያዙ። ፍሬን ረግጣችሁ ከወረዳችሁ የዲስኩ ሙቀት በቸርኬው አድርጎ ጎማው ጠርዝ ላይ ይደርሳል።

ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ላይ የትኛውም ጎማ አያድናችሁም። አቧራውና የኢሱዙው ዘይት ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ሳሙና ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከጎደለ በኋላም አስፋልቱ ላይ የተረፈውን አሸዋ አስቡ፤ በአራቱም የምትጎትት መኪና ለመነሳት ትረዳለች፣ ለመቆም ግን እንደማንኛዋም መኪና ናት።

ከዚያ በኋላ በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ አዟዙሩ። አቅጣጫ የሌለው ጎማ ከሆነ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት ይምጡ፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ ይሂዱ። ቀስት ያለው ከሆነ በአንድ ጎን ፊትና ኋላ ብቻ ይቀያየሩ። አራቱ እኩል የሚያልቁት በዚህ ነው፤ የደረጃ 2 ችግርም አይመለስም።

ነገር ሲበላሽ

መሪው ከ80 እስከ 100 ላይ ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ነው። ደግሞ ተሠርቶ ካልጠፋ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ጎማው ራሱ ክብ አይደለም፤ ፊትና ኋላ ቀይራችሁ መንቀጥቀጡ ከመሪ ወደ ወንበር ከሄደ ጥፋተኛው ጎማው ነው።

ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ንፋሱን ለኩ። እኩል ከሆነ የፊት ሁለቱን ግራና ቀኝ አቀያይሩ፣ ቀስት ከሌላቸው። ጎተታው ጎን ከቀየረ ጎማው ነው፤ ሻጩ ጋ መልሱት። ካልቀየረ አላይመንቱ ነው።

መሪ ሙሉ ጠምዝዛችሁ ስትዞሩ ትታገላለች፣ ትንገጫገጫለች። ወዲያውኑ ዙሪያቸውን እንደገና ለኩ። እኩል ከሆኑ ችግሩ ጎማ ሳይሆን መሐለኛው ዲፈረንሻል ወይም ክላች ነው፤ ሳይባባስ ሜካኒክ ጋ ውሰዷት።

ያጉረመርማል። ፍጥነት ስትጨምሩ ድምፁ የሚጨምር፣ መሪ ወደ ግራ ወይም ቀኝ ስታዘነብሉ ግን የሚለወጥ ከሆነ ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

ጎኑ አበጠ። አይጠገንም። አትነዱበት።

እሾህ ወይም ምስማር ገባ። በሽኒሌ በኩል ጠጠር የነካ ሰው ግራሩን ያውቀዋል። ጥርሱ ላይ ከሆነ ከውስጥ ይለጠፍ፤ ከውጭ የሚወተፈው ክር ቤት ለመድረሻ ብቻ ይሁን። ጎኑ ላይ ከሆነ ጎማው አልቆለታል።

ስኮርታውን አስቀድማችሁ አስቡ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለው ቀጭኑ ስኮርታ ከሆነ ከ80 አትለፉ፣ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ብቻ ሂዱ። የድሮ አውቶማቲክ ሱባሩ ከሆነች ኮፈኑ ስር ኤፍደብሊውዲ የተጻፈበት የፊውዝ ቦታ ሊኖራት ይችላል፤ ካለ ትርፍ ፊውዝ ስትሰኩበት ወደ ኋላ የሚሄደው ጉልበት ይቋረጥና ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፤ በቀጭኑ ጎማ መሐለኛው ክላች አይቃጠልም። ፊውዙን አሁኑኑ ገዝታችሁ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጡት። ዋናው ጎማ ተመልሶ ሲታሰር ነቅላችሁ አውጡት፤ ካልወጣ በፊት ጎማ ብቻ ነው የምትሄዱት።